የአምሳለ ቴፕ እና የአያ አንዳርጌ መሐላ

አምሳለን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባች ቀን ጀምሮ አላመንናትም። እንዴት እንመናት? ከደርግ ሸሽቶ የመጣ ሰው ሥራና መጠለያ ይጠይቃል፤ እሷ የጠየቀችው ድምፃችንን ነው። ጎንደር ሳለች ለሬዲዮ ትሠራ ነበር ሲባል ደግሞ ባሰብን። ስለ ዘመዶቿ ስትጠየቅ «ማንም የለኝም» ብላ ትዘጋለች። ማንም የሌለው ሰው ያስፈራል።

የእኛ ሬዲዮ ማለት የራሒማ ሻይ ቤት ድምፅ ማጉያ ነበር። አምሳለ ሴቶቹን ሰብስባ የስደተኛውን ታሪክ በቴፕ መቅዳትና ማቀናበር ታስተምራለች። ዓርብ ዓርብ ሥራቸው በማጉያው ይሰማል፤ አንድ ቅጂም በሎሪ ገላባት ላሉት ሰዎቻችን ይላካል። ከገላባት ወዲያ መተማ ነው፤ የደርግ ጆሮ እዚያ ነው። ስለዚህ ሕጓ አንድ ነበር፦ የሰው ስም፣ የአገር ስም ከቴፑ ይውጣ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ትላለች፣ ተማሪዎቿን በጎን እያየች። እሷም እኮ አታምነንም ነበር።

ጎበዟ ተማሪ ማሬ ናት። አያ አንዳርጌን ለምና ለምና፣ ከአገራቸው እንዴት እንደወጡ አስተረከቻቸው። ሽማግሌው ሲያወሩ አንጀት ይበላሉ። ማሬ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እያቆመች ስትገለብጥ የመንደሩን ስም አወጣች፣ የወንዙን አወጣች፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር አወጣች። አምሳለም ደጋግማ አዳመጠችና «ንጹሕ ነው» አለች። ቅጂው ለሎሪው ሾፌር ለጀማሉ ተሰጠ።

ዓርብ ተሰማ። አያ አንዳርጌ ከፊት ተቀምጠዋል። ሊያልቅ ሲል የገዛ ድምፃቸው «ሉሉ ትሙት፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም!» ሲል ብርጭቋቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሉሉ እዚያ ማዶ፣ አያቷ ዘንድ የቀረች ልጃቸው ናት። እኛ ስንምል የምንውል ሰዎች ነን፤ መሐላን ማን ስም ብሎ ይሰማዋል? ማዶ ያለ ካድሬ ግን ይሰማዋል። በሉሉ የሚምለው አባት ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሸሸ ሰው ልጅ ደግሞ ምን እንደሚደርስባት እኛም እናውቃለን።

አምሳለ ነጠላዋን ጥላ ሎሪዎቹ ወደሚቆሙበት በረረች። ጀማሉ ሞተሩን አስነስቷል። መንገዱ ላይ ቆማ «ቴፑን ሳትመልስ አታልፍም!» ብትለው፣ «ኻላስ፣ በቃ፣ ውሰጅው!» ብሎ ወረወረላት።

አያ አንዳርጌ የጀማሉንም፣ በማጉያው የተሰማውንም ቴፕ ከእጇ ተቀብለው ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ሌላ ቅጂ የት ደብቀሻል?»

«የለም፣ አያ አንዳርጌ። ሁለቱም እጅዎ ላይ ናቸው።»

«ማን ያምንሻል? ሆን ብለሽ ነው የተውሽው! ወልደሽ ያላየሽ፣ የልጅ ነገር ምን ይገባሻል?»

«አይደለም! ጋረደው ይሙት፣ አልሰማሁትም!»

አምሳለ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ወጥቷል። አያ አንዳርጌ ትክ ብለው አዩዋት። ጋረደው ማን እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደቀረ አልጠየቋትም። ቴፖቹን በጋቢያቸው ጠቅልለው ተነሡ።

«እግዜር ያሳድግልሽ» አሏትና ወጡ።

አምሳለ ወደ ማሬ ዞረች። ማሬ የማጉያውን ሽቦ ትጠቀልላለች።

«ሰማሽ?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

እኛም ሁላችን ሻያችን ላይ አቀረቀርን። አምሳለ ግን አንድ በአንድ ፊታችንን ታይ ነበር።