ከእትዬ ጀልባ የሰፋች

ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አንድ አረንጓዴ ነገር ቀስ እያለ ሲያልፍ አየሁ። መጀመሪያ ቤት የሚሄድ መስሎኝ ደነገጥኩ። እርጥብ ልብሴን እንደያዝኩ ሄጄ በአጥሩ ስንጥቅ ሳይ ጀልባ ነው። የጀልባው ባለቤት የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ሚስቱ ተቀምጣለች። እግሯን ዘርግታ!

ስሟን አልጠራም። ያኔም ቢሆን ፊት ለፊት እትዬ ነበር የምላት፤ አንቱ እያልኩ። ከጀርባዋ ያልኳትን አላህ ይወቀው።

ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። እኛ ከወሎ ወርደን ጋምቤላ የሠፈርን ነጋዴዎች ነን። ባሌና ወንድሙ ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ ይሸጣሉ። የባሮ ወንዝ ሲሞላ ሸቀጡን በውሃ ወደ ኢታንግ ያወርዳሉ፣ አንዳንዴም እስከ ማታር ይዘልቃሉ፤ ሲመለሱ በቆሎ፣ ቆዳና የደረቀ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። ከኛ በፊት የሠፈሩት የባሌ አባትና ሌሎች ነጋዴዎች ጆንያ በጀርባ ከመሸከም ይሻላል ብለው ከወንዙ እስከ ጓሯችን ቦይ ቆፍረው ነበር። በበጋ ፍየል ይሰማራበታል፤ በክረምት ውሃ ይይዝና ታንኳ ደጃችን ድረስ ይገባል። ቦዩ ከወንዙ ሲነሳ መጀመሪያ የእነ እትዬን ቤት ያገኛል፤ በመጋዘናቸው ግድግዳና በማንጎ ዛፋቸው መሐል ያልፍና እኛ ጓሮ ላይ ያልቃል። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ጉድ የፈላው እዚያ ማንጎ ሥር ነው።

የኛዋ ታንኳ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ጠባብና ረጅም ነበረች። የሚቀመጥባት ሰው ጉልበቱን አቅፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው። ባስነጠሰ ቁጥር ትናጣለች። በየክረምቱ ባሌን ይዘኸኝ ሂድ እለዋለሁ፤ በየክረምቱ መልሱ አንድ ነው።

«ቦታ የለም» ይለኛል። «ጨው ላይ ልትቀመጪ ነው?»

እውነት ይመስለኝ ነበር። ተጭና ሳያት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጆንያ ነው፤ በላዩ ሸራ ይለብሳል። እሱ በመጀመሪያው ውሃ ይወጣል፤ ብቅ ብሎ ይጭናል፤ ደግሞ ይሄዳል። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ እኔ ከወባ ትንኝና ከሱቁ ጋር ነኝ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ልጅም ገና አልወለድኩም። ሴቱ ሁሉ ሆዴን እያየ «እስካሁን ምነው?» ይለኛል። ባል በሌለበት ከየት ይምጣ! የፈለግኩት ሌላ አልነበረም፤ ባሌ በሄደበት እንድሄድ ብቻ ነው።

ታዲያ ያቺ አረንጓዴ ጀልባ መጣች። ካየኋት በኋላ እንቅልፍ ቢሉኝ ወዴት አለ! ሆዷ ዝርግ፣ ጎኗ ሰፊ፣ ፊቷ ሹል ሳይሆን እንደ ማንኪያ ቀና ያለ። ከንፈሯ ላይ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ተሰምሮባታል። በሰሌን የተሠራ ጣራ አላት፤ በጣራው ሥር ሰው የሚያስተኛ የእንጨት መደብ፣ ከኋላ የሸክላ ምድጃ። ላም ቆማ ትጫንባታለች። እትዬ እንደምትለውማ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥባት ጠብ አይልም። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ይበቃታል፤ አሸዋው ላይ እንኳ እየተንሳፈፈች ታልፋለች። እትዬ ከኢታንግ በተመለሰች ቁጥር የሠፈሩን ሴት ሰብስባ ታወራለች። ዓሣውን ከወንዙ አውጥተው እዚያው እንደጠበሱት። ሲመሽ መደቡ ላይ አጎበር ዘርግተው እንደተኙ። እኔ ከመሐል ሆኜ «እሰይ፣ እሰይ» እያልኩ እርር ድብን እላለሁ።

ለባሌ የከብት ገንዳ ገዝተው ጀልባ ይላሉ አልኩት። እሱ እንኳን ስለ ጀልባ ሲያወራ ከልቡ ነው። ሰፊ ጀልባ ቁልቁል ሲሄዱባት ደግ ናት አለኝ፤ ሽቅብ ሲመለሱ ግን ወዮ። ንፋስ ጎኗን እየገፋ ወዳልፈለጉበት ይወስዳታል፤ በረጅም እንጨት የሚገፏት ብዙ ጎበዞች ትፈልጋለች፤ ውሃው በሚያይልበት በመሐል እንጂ በዳር መሹለክ አትችልም። የኛዋ ታንኳ ግን ዳር ዳሩን፣ ውሃው ደከም ባለበት እየተሳበች በግማሽ ጊዜ ትመጣለች። ደስ አለኝ። ሮጬ ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳት፤ እንደ ምክር አስመስዬ። እሷ ሳቀች።

«ብንዘገይስ?» አለችኝ። «አብረን አይደለን።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ማን ይዋሻል።

ከዚያ ወዲያ ባሌን መግቢያ መውጫ ነሳሁት። ቢያወራኝ አልመልስም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነው የምተኛው። በመጨረሻ ወይ ሰፊ ጀልባ አሠራልኝ፣ ወይ ወሎ መልሰኝ አልኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ትንሽ አሰበና እሺ አለ፤ በቀላሉ በጄ አለ። እኔ ሞኟ ወደደኝ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ።

አናጺው የእነ እትዬንም የሠራው ሰው ነው፤ ከሱዳን በኩል የመጣ። በበጋ ጓሯችን ገባ፤ እንጨቱን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ዳሱ ሥር ደረደረው። ስፋቷ ምን ያህል ይሁን ብሎ ባሌን ጠየቀው። ባሌ ወደኔ ዞረ።

«ከእትዬ ጀልባ በክንድ ትስፋ» አልኩ።

አናጺው ወደ ቦዩ አየ፣ ከዚያ ወደ ባሌ። ባሌ «እንዳለችው» አለና ወደ ሱቁ ገባ።

እስቲ የደጋ ሰው ነገር ልንገራችሁ። ውሃ ዳር ዕድሜያችንን ብንገፋም ውሃ ስናይ የምንጠይቀው ጥልቀቱን ብቻ ነው። ያሰጥማል አያሰጥምም፣ ሌላው ትዝም አይለንም። ያ ደረቅ ቦይ በየቀኑ ዓይናችን ሥር ነው፤ ፍየል እናስርበታለን፣ ጉድፍ እንጥልበታለን። አዲሷ ጀልባ ከባድ ናት ተባለና ባሌ ቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ቦዩን አስቆፈረ። ወደ ታች። ሠፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ፤ ኧረ ይጠልቃል፣ ኧረ በቃ እያለ መከረ። ስለ ስፋቱ የተነፈሰ አንድ ሰው አልነበረም።

ጀልባዬ አለቀች። ሰማያዊ አስቀባኋት። ለመደቡ ጥጥ የሞላሁት ፍራሽ ሰፋሁ፤ ለጣራው መጋረጃ። ከሱቁ አንዲት አበባ ያላት ጨርቅ ለመጋረጃው መርጬ ነበር፤ ባሌ ተሸጣለች ስላለኝ በነጭ አደረግኩት። እትዬ ልታይ መጣች። እየዞረች አየች፤ ጎኗን በእጇ መታ መታ አደረገች፤ ስፋቷን በዓይኗ ለካች። «ማሻአላህ» አለች፤ ድምጿ ግን ቀጭን ነበር። ወላሂ፣ ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው ደስ ያለኝ።

ውሃው መጣ። ጀልባዋ ጓሮ ውስጥ ተንሳፈፈች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መደቡ ላይ ወጥቼ እግሬን ዘረጋሁ። ወንዶቹ በገመድ እየሳቡ አጥሩን አለፍን፤ ማንጎው ጋ ስንደርስ ቆመች። በአንድ ጎኗ የመጋዘኑ ግድግዳ፣ በሌላው የማንጎው ግንድ። ገፏት። ጎተቷት። ወደ ኋላ መልሰው በኃይል ለቀቋት፤ ቀለሟ ተላጠ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። የጎደለው ክንድ የማይሞላ ነው፤ እኔ «ትስፋ» ያልኩት ያው ክንድ። ማንጎው ይቆረጥ እንዳይባል የባሌ አባት በእጃቸው የተከሉት ነው፤ ሁለቱም ወንድማማቾች መቁረጥ ሲባል ጆሯቸውን ደፈኑ። ግድግዳው ይፍረስ እንዳይባል ውስጡ እስከ ጣራው ጨው ነው። እትዬ ማንጎው ሥር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«እኛ ጋ ነይ» አለችኝ ሳቋን እንደምንም ውጣ። «ቦታ ሞልቷል።»

በእሷ ጀልባ ከምሄድ ዋኝቼ ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤ መዋኘት ደግሞ አልችልም። ሰማያዊዋን ጀልባ ወደ ጓሮ መለሷት። ዶሮዎቼ የዚያኑ ዕለት መደቡ ላይ ሰፈሩበት።

በማግስቱ ባሌ ታንኳዋን ጫነ። እኔ ልብሴን በሻሽ ጠቅልዬ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጨው ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ አልኩ። ሰው ቆሞ ስለሚያይ አልተቆጣም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ቦታ የለም ስልሽ አለኝ። ቀዛፊው ጎልማሳ አኝዋ ነው፤ ከባሌ ጋር ብዙ ክረምት የሠራ፣ እኔንም እንደ እህት የሚያየኝ። ክርክራችን አልገባውም መሰለኝ፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ሸራውን ገለጠ። በጆንያዎቹ መሐል እንደ ጎጆ የተተወ ቦታ አለ። የታጠፈ ሰሌን ተነጥፎበታል፤ ሰሌኑ ላይ ትራስ። የትራሱ ልብስ ያቺ ተሸጠች የተባለችው አበባ ያላት ጨርቅ ናት።

«እዚህ ተቀመጪ፤ ይመቻል» አለኝ። «የኢታንጓ ሚስቱ እዚህ ነው የምትቀመጠው። ማታር ስንሄድ።»

በክፋት አይደለም። በእነሱ ዘንድ ሰው ሁለት ሚስት ቢኖረው የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ የማውቅ መስሎታል። እኔ ዓመት ሙሉ ሰፊዋን ጀልባ ሳይ ዓይኔ ደም ሲለብስ፣ ለካ ባላጋራዬ ጠባቧ ውስጥ ናት። ባሌን አየሁት። እሱ ወንዙን ያያል።

«ውረጂ» አለኝ፤ ምክንያቱም ገብቼ ተቀምጬ ነበር።

«ለሷ የበቃ ቦታ ለኔም ይበቃል» አልኩት።

ቀዛፊው ገፋ፤ ሄድን። ቦታው ይመቻል፤ እውነቱን ነው። ጆንያው ጀርባ ይደግፋል፣ ሸራው ጥላ ይሆናል። ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ መመቸቱ። ባይመቸኝ ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። መንገድ ላይ አረንጓዴዋን ጀልባ አለፍናት። እትዬ እግሯን እንደዘረጋች እጇን አወዛወዘችልኝ። መልሼ አወዛወዝኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባዋን ልብ ብዬ እንኳ አላየኋትም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። «እንዳለችው» ማለቱን። ያን ሁሉ ክረምት በቦዩ የወጣና የገባ ሰው፣ ስፋቱ እንዴት ጠፋው? ወደ ታች አስቆፍሮ ወደ ጎን ያላስቆፈረው እንደ ሌላው ደገኛ ዘንግቶ ነው ወይስ አውቆ? ኋላ ጠይቄዋለሁ፤ ወላሂ ዘንግቼ ነው አለኝ። እስከ ዛሬ ልቤ አላመነውም።

ኢታንግ ስንደርስ አንዲት ሴት ዳር ላይ ቆማ ነበር። ከኔ አትበልጥም። ጓዟን ሸክፋ እግሯ ሥር አድርጋለች፤ የለበሰችው ቀሚስ ከትራሱ ጨርቅ የተሰፋ ነው። እየሳቀች ወደ ውሃው ወረደችና እኔን አየች። ከዚያ ቦታውን አየች። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ መስታወት አላስፈለገኝም። በአጥሩ ስንጥቅ ሳጮልቅ የነበረኝ ፊት ነው። ለአፍታ አንጀቴን በላችኝ፤ ለአፍታ ብቻ።

ባሌ ላቡን ጠረገ። ወደ ማታር እንደሚቀጥል፣ እሷም እንደምትሄድ፣ ነገሩን ቀስ ብለን እንደምንነጋገርበት አንዴ ለሷ አንዴ ለኔ አወራ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «እባክሽ ጠጋ በይላት» አለኝ።

እግሬን እስከሚደርስበት ድረስ ዘረጋሁት።

«ቦታ የለም» አልኩ።