የአንዲት እናት አውራ ጣት

የመመረቂያ ጽሑፌ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ነው የትምህርት ክፍሉ የመለሰብኝ። የጎደለው አንድ ነገር ነው አሉ፤ ያነጋገርኳቸው እናቶች የፈረሙበት የስምምነት ቅጽ።

ቅጹስ ነበረ። በፊርማው ቦታ ግን በእጄ «በቃል ተስማምተዋል» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ የሆነውም ይኸው ነው። ሊበን ውስጥ ለአሥራ ስድስት እናቶች ከልጆቻቸው የትኛውን ትምህርት ቤት እንደሚልኩ፣ የትኛውን ከከብት ጋር እንደሚያስቀሩ ጠይቄ ሁሉም ሳይሰስቱ ነግረውኛል። የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የቤተሰቡን ደህንነት ተጠያይቀን ሳንጨርስ ወተት ያቀረቡልኝን ሴት «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ማለት ከበደኝ።

«ያለ ፊርማ ወይም ያለ አሻራ አይሆንም» አሉኝ የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ በስልክ። ትምህርቱን እንድጨርስ የተፈቀደልኝ ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ይሄኛው ካለፈኝ ግን እንደገና ለመጀመር ዕድሜም ጉልበትም አልነበረኝም።

ከነገሌ በአይሱዙ ተሳፍሬ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ቀርቶ ስለነበር መንደሩ ባዶ ነው። የእሾህ አጥሩ እንደቆመ ነው፤ በረቱ ውስጥ ግን የደረቀ እበት ብቻ። ከብቱን ይዘው ወደ ፊልቱ አቅጣጫ መውጣታቸውን አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እሱን ዝናቡን ጠይቂው» አሉ።

በማግስቱ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ጉዴን ስናገር የሒሳቡ መምህር ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! አሥር ጣት አለሽ አይደል? ስድስቱን እኔ አበድርሻለሁ።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀልድ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ጊዜው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነገሌ ፍየል ገበያ ውስጥ ከእናቶቹ አንዷን አየሁ፤ በዕድሜ ትልቋን፤ ፍየል ሊሸጡ ብቅ ብለው ነው።

«ናጋ?» አሉኝ።

«ናጋ፣ አዴ» አልኩ፤ «ሰላም ነው፣ እናቴ» እንደ ማለት። ችግሬን ነገርኳቸው።

«ቃሌን ወስደሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጣቴን አሉ?» ብለው ሳቁና እጃቸውን ዘረጉ። የማኅተም ቀለሙን ከፈትኩ። በተራ ቁጥር አንድ ላይ አሳረፉ። ጣታቸውን የምጠርግበት ጨርቅ ከቦርሳዬ ስፈልግ ቆይቼ ቀና ስል፣ እስከ ታች፣ እስከ አሥራ ስድስት ወርደዋል።

«አዴ! ይሄ እኮ የሌሎቹ ነው!»

«ምራቶቼና ጎረቤቶቼ አይደሉ? ቢኖሩ እምቢ ይሉሽ ነበር?»

አመስግኜ ጣታቸውን ጠረግሁላቸው።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። አውራ ጣታቸው ላይ የድሮ ቁስል ጠባሳ አለ፤ አሥራ ስድስቱም አሻራ ላይ ያች ቀጭን ነጭ መስመር በአግድም ታልፋለች። ማን ያያታል? ማንም። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ።

አስተባባሪው ገረፍ አድርገው አዩና «በጣም ጥሩ፣ ተሟልቷል» ብለው ማኅተሙን አነሱ።

«የአንዲት ሴት ጣት ነው» አልኩ።

ማኅተሙን መልሰው አስቀመጡ። በዕድሜ ታናሼ ናቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ለምን ነገሩኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጊዜው አልተራዘመም፤ ስሜም ከተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ዝናቡ ሲመለስ አዴም ከብቱን ይዘው ተመለሱ። ገበያ ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው ያሳዩኛል።

«ሠራልሽ ወይ?»

«ሠርቷል፣ አዴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዞር ይሉና በኦሮምኛ «እኔ ነኝ ያስመረቅኳት» ይሏታል። እኔም በአዎንታ አንገቴን እነቀንቃለሁ።