የአጎቴ ባለቤት ሥዕል

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ከነገሌው ቤታቸው ስንወጣ በር ላይ የሚያስቆመን የለም። ሰዓሊ ነበሩ፤ የሚሰናበታቸውን ሁሉ “ሳትሄድ ልሳልህ” ይሉት ነበር። ልማዱ የመጣው በጃንሆይ ጊዜ፣ ባለቤታቸው አንድም ፎቶግራፍ ሳይኖራት በወባ ከሞተችባቸው በኋላ ነው። ወደ ሞያሌ የሚዛወረውን ወታደር ሁሉ ቁጭ አድርገው ይስሉታል፤ የእሷ ፊት ግን ለዓመታት እምቢ አላቸው።

አንድ ጠዋት ወተት የምታመጣላቸው የቦረና ሴት ገብታ ጅምሩን ሥዕል አየች።

“አካም፣ ጋሼ? ምነው አስኮረፏት? ስትስቅ እኮ ግራ ዓይኗ ጠበብ ይል ነበር” አለቻቸው።

አጎቴ ብሩሹን አስቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ዓይኗን እንደገና ሳሉት። ሲጨርሱ ከአጠገባቸው ቆሜ ነበርና ወደ እኔ ዞረው፣

“ለካ የረሳሁት ሳቋን ኖሯል” አሉኝ።