ኮከብ ሊያዩ የቆሙ ሰዎች

ትናንት እራት ላይ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል ተወርዋሪ ኮከብ ይዘንባል ይላል፤ እንዳትተኚብኝ» አለችኝ። የምኖረው ጎንደር ቢሆንም፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ልቤ የሚውለው ያደግኩበት ደባርቅ ነው።

የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነበር፤ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ታከለ፣ እናታችን የሠራችለትን ዳቦ ቆሎ በፌስታል አንጠልጥሎ ከወታደሮች ጋር በመኪና የሊማሊሞን ቁልቁለት ከወረደ ወራት አልፈዋል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ቤት የቀረነው እኔና እምዬ ብቻ ነን። ገብሱን ስታበጥርም ጆሮዋ መንገድ ላይ ነበር። ሊማሊሞን እያቃሰተ የሚወጣ መኪና ሁሉ እሱን የያዘ ይመስላታል።

በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጎረቤት ድምፁን አጥፍቶ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በሩ ሲከፈት ያኔ ይነገራል። አንድ የኅዳር ንጋት እምዬ በሩን ስትከፍት፣ ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢያችን ውስጥ ቆመዋል። «ልጄን!» ብላ ውርጩ ላይ በደረቷ ወደቀች። እኔም ከኋላዋ ጮኽኩ።

«ኧረ ተይ አንቺ! አፈር ስሆን፣ መርዶ አይደለም! ቀና በይ፣ ሰማዩን እይ!» እያለች እትዬ ዘይነባ ሮጣ አቀፈቻት። ለንጋቱ የሱብሒ ሰላት ታጥባ ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ኮከቡ ሲረግፍ ያየችውና ጎረቤቱን የጠራችው እሷ ናት፤ የኛ ግቢ ገላጣ ስለሆነ እዚያ ተሰበሰቡ። ቀና ስንል ሰማዩ እንዳለ ይረግፋል። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እምዬ ግን አልተጽናናችም። ኮከብ ሲወድቅ ሰው ሞተ ይባላልና፣ «ይኼ ሁሉ የሰው ልጅ ነው» ብላ እህል ሳትቀምስ ዋለች። የሳይንስ አስተማሪያችንን ጠይቄ መጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እምዬ፣ የወደቀው ኮከብ አይደለም። በበጋ መኪና ሲያልፍ አቧራው መንገዱ ላይ ይቀር የለ? ጅራታም ኮከብም ፀሐይን ሲዞር እንደዚያ አቧራ ጥሎ ይሄዳል። ምድራችን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ያንን መንገድ ታቋርጣለች፤ አቧራው አየራችን ውስጥ ሲገባ እየነደደ ያበራል። ዘንድሮ የበዛው ጅራታሙ በቅርቡ ስላለፈ ነው።»

«ታዲያ የሞተ የለም?»

«የለም፣ እምዬ።»

«በየዓመቱ ይመጣል አልሽኝ?»

«በየዓመቱ። ኅዳር ላይ።»

«እንግዲያስ ለከርሞ ታከለም አብሮን ያየዋል» አለችና ቆሎ አምጪልኝ አለችኝ።

ጦርነቱ ቆመ። ጦርነቱ ቆመ። የሌሎች ልጆች ከስተውና ጠቁረው ተመለሱ፤ የኛ ወሬውም የለም። እምዬ ኅዳርን ትጠብቅ ጀመር። ኮከቡ ሲመጣ እሱም የሚመጣ ይመስላት ነበር መሰለኝ።

ኅዳር ገባና አንድ ንጋት ቀሰቀሰችኝ። «ተነሽ፣ ልጄ! ኮከቡ ደርሷል፤ ሰዎቹ ወጥተዋል።» ፊቷ ፈክቷል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በሩን በረገደችውና አንገቷን ወደ ሰማይ አቅንታ ወጣች፤ እኔም እንደሷ ቀና ብዬ ተከተልኳት። ጎረቤቶቻችን አምና በቆሙበት ቦታ፣ ያንኑ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል።

«የታለ? በየት በኩል ነው?» አለች እየሳቀች።

ከኛ በቀር ሰማዩን የሚያይ አልነበረም።

«ዘይነባ፣ አሳዪኝ እንጂ!»

እትዬ ዘይነባ በሻሿ አፏን ይዛለች። «አለምዬ» አለች። እምዬ አሁንም ወደ ላይ ታያለች። ሰማዩ ላይ አንዲት ኮከብ እንኳ አልተነቃነቀችም።

የወንድሜን መርዶ የተረዳነው እንደዚያ ነው። እምዬም ካረፈች ቆየች። ያን ጊዜ የነገርኳት እውነት ነበር፤ አቧራው ዛሬም በየዓመቱ ይመጣል። አንዳንዴ፣ አንድ ዓመት በተስፋ አኖራት እላለሁ። ግን እየሳቀች ወደ መርዶዋ መውጣቷ ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ይቆረጣል።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ልጄ ከውጭ፣ «እማዬ! ቶሎ ነይ!» አለችኝ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን አይደለም፤ ግቢውን ነው። ልጄ ብቻዋን ቆማለች፤ ሌላ ማንም የለም። ያኔ ቀና አልኩ።