ያለ ሽማግሌ የተነገረ መርዶ

እታባ... ዛሬ ጠዋት ባለጉዳይ መጥቶብሽ ነበር። አንቺ እስክትለባብሺ ብዬ በሩን እኔ ከፈትኩት።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ እታባ ከሰፈራችን ተመርጣ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለምርጫ ስትወዳደር ምን አለሽ ተራ ቆማ ልትናገር ስትል፣ ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ድምጿ እንዳይሰማ ሆን ብለው ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ጀመሩ። እጃቸው እስኪዝል ዝም ብላ ጠበቀቻቸው... ከዚያ ንግግሯን ጀመረች። ከተመረጠች በኋላ እነዚያው ሰዎች ጉዳይ ይዘው ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይሰለፉ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ትናንት የለቅሶዋ ድንኳን ተነሳ። ዘመዶችም ወደየቤታቸው ሄዱ። ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ።

እህል በረንዳ እህል የሚያበጥሩ እናት ናቸው። ገጠር ከርመው ገና መመለሳቸው ስለሆነ ወሬው አልደረሳቸውም።

«የተከበሩ ተነሥተዋል? ከምንሠራበት ሊያስነሱን ነው። በምክር ቤት እጠይቅላችኋለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ይግቡ» አልኳቸው። ወንበር ሰጠሁ። ሻይ ቀዳሁ...

መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። ሰውየውን አስቀምጠው፣ አንዱ ደግፎ ይዞ፣ አንዱ ይናገራል። ልጅ አይናገርም። ጓዳ ገብቼ ለእድራችን ዳኛ ለጋሼ ሸምሱ ደወልኩ።

«አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ትወድቅብሃለች! ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው።»

ስመለስ ሴትዮዋ ሊሄዱ ተነሥተዋል። «በቃ፣ ምክር ቤቱ በር ላይ ሄጄ እጠብቃቸዋለሁ።»

«እዚያም የለችም።»

«የት ሄዱ?»

«ሞታለች።»

ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ምንም አልተሰማኝም... ክፍል ውስጥ ጥያቄ የመለስኩ ነው የመሰለኝ።

አልወደቁም። አልጮሁም። ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«ለአንተስ ማን ነገረህ?»

«ማንም። ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ።»

እውነት ነው። ሆስፒታል አብሬያት ስለነበርኩ፣ ያውቃል ብለው ሁሉም ተዉኝ። ለቅሶው ሁሉ ሲያልፍ እኔ ወንበር አመላልስ ነበር።

«ምነው! ለወንድሟ መርዶ ሳይነገር ቀበሯት?» አሉ። ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ትከሻዬን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። እንደ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ... እህትህ አርፋለች።»

እንደ አዲስ ሰማሁት። አላለቀስኩም። እጃቸውን ግን ይዤ አልለቅም አልኩ።

ጋሼ ሸምሱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እያለከለኩ ገቡ። ሁለታችንንም አዩና ተቆጡ። «አንተ ልጅ! ነገርካት እንዴ?»

«አይ ጋሼ» አልኩ። «እሳቸው ናቸው ለእኔ የነገሩኝ።»

ትምህርት ቤት አልሄድኩም... ለቅሶ ተቀመጥኩ።