ቦዩ በማን በር ይለፍ

የሆስፒታሉን አንሶላ የምትጠግነው ሰፊ ዕጣ ሲወጣላት አልተደሰተችም። ከሰፈሩ ሰው በዕጣ ተመርጦ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ተወያይቶ ይወስን ተብሎ ነው። «በዕድሜዬ የወጣልኝ ዕጣ ይኸው ብቻ!» አለች ለባልደረባዋ፣ የተቀደደ አንሶላ ከስፌት መኪናው ስር እየገፋች።

ጭንቋ ሌላ ነበር። ቦዩ ከተቆፈረ የታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት ይፈርሳል። ታናሺቱ ያቺን ፀጉር ቤት ያቆመቻት ጥርሷን ነክሳ ነው። ሁለቱ የሚኖሩት ደግሞ አንድ ጣሪያ ስር ነው።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ታናሺቱ በሩ ላይ ቆመችባት።

«እትዬ፣ እጅሽን ለቦዩ ካነሳሽ እህት አለችኝ እንዳትዪ።»

«እስቲ መጀመሪያ ልስማ።»

«ምኑን ነው የምትሰሚው? ቤቴ ሲፈርስ ድምፁን?»

አዳራሹ ውስጥ መሐንዲሱ ካርታ ሰቅሎ አስረዳ። በሌላ በኩል እንዳይቆፈር መሬቱ አለት ነው፤ ቤቱ ለሚፈርስበትም ተለዋጭ ቦታ ይሰጣል። ሰዉ አፋጠጠው፣ እሱም መለሰ። ስብሰባውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሕጋቸው ለየት ይላል። ማንም እጁን ከማንሳቱ በፊት የተቃራኒውን ወገን ጭንቀት በራሱ አፍ መናገር አለበት። ያኛው ወገን «አዎ፣ ይኸው ነው» ካላለ ድምፁ አይቆጠርም።

ለሰፊዋ ከተቃራኒው ወገን የደረሳት ጎርፍ ከሚያጠቃው ከታችኛው ሰፈር የመጣው ጫማ ጠጋኝ ነበር። ታናሺቱ ከኋላ፣ ከአዳማጮቹ መሃል ተቀምጣለች። የእህቷ ዓይን ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ ሰፊዋን ታውቋታል።

«ክረምት ሲመጣ ቤታችሁ ውሃ ይገባል፣ ዕቃችሁ ይበላሻል» አለች።

«አይደለም» አለ ጫማ ጠጋኙ።

«ታዲያ ዓሣ ነው የሚገባችሁ?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። ጫማ ጠጋኙ ፊቱን አልፈታም።

«ልጆቻችሁ ይታመማሉ።»

«እሱም አይደለም።»

አቃተኝ ብላ ብትቀመጥ ድምፅዋ አይቆጠርም፤ እህቷም ደስ ይላታል፤ የሚወቅሳትም የለም። ወንበሩን ሳብ አደረገች። ግን አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ የማላውቀውን ነው የምቀባጥረው። አንተው ንገረኝ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ ከአልጋ አትነሳም። ሰማዩ ሲጠቁር እኔና ሚስቴ በተራ እንጠብቃታለን። ዕቃማ ገደል ይግባ። አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለኝስ?»

ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ «የምትፈራው እንቅልፍህን ነው። ተኝተህ ስትነቃ እናትህን እንዳታጣ» አለች።

«አዎ። ይኸው ነው።»

«እትዬ! የኔ እህት ነሽ የሱ ጠበቃ?» ብላ ታናሺቱ ጮኸች። ነርሷ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

ተራው የጫማ ጠጋኙ ሆነ። ጎንበስ ብሎ አሰበ። «እህትሽ ቦታ እንሰጥሻለን ተብላ ቤቷ ይፈርሳል። ከዚያ ነገ ዛሬ እያሉ ያመላልሷታል። ደንበኞቿም ይበተናሉ።»

«አዎ» አለች ሰፊዋ። «ስለዚህ እጄን የማነሳው ተለዋጭ ቦታው በእጇ ሳይገባ አንድ ድንጋይ እንዳይነሳ ከተወሰነ ነው።»

ነርሷ ሐሳቡን ለቤቱ አቀረቡት፤ ብዙዎች ደገፉት፤ ስለ ተለዋጭ ቦታው ሌላ ስብሰባ እንዲጠራም ተስማሙ። ድምፅ ሲጠየቅ የሰፊዋ እጅ እንደ እርጥብ አንሶላ ከበዳት። ቢሆንም አነሳችው። ቦዩ እንዲቆፈር ተወሰነ። ዘወር ስትል የእህቷ ወንበር ባዶ ነበር።

ማታ ቤት ስትገባ ታናሺቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ የእህቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

መብራቱን ልታጠፋ ስትነሳ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«የተለዋጭ ቦታው ስብሰባ መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«እመጣለሁ። አጠገቤ ግን እንዳትቀመጪ።»