አምስተኛው ጠርሙስ

መምህር ወልደማርያም የሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «ንጹሕ ሰው ነበሩ» አለ። እኔ ግን ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጣዕምና የሽታ ቃል በጥቁር ሰሌዳ አይገባም ይሉና ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ይደረድራሉ። ተራው የደረሰ ዓይኑን በጨርቅ ይታሰራል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ይናገራል። መራራን «ቢተር» ለማለት ኮሶ አስቀምሰውናል። ለበሰበሰው፣ ለ«ሮተን»፣ ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን የከረመ ዓሣ አሽትተውናል። ጨርቁማ የአርባ ልጅ ላብና ንፍጥ የጠጣ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

አብራን የምትማረው የዐስሊ እናት ቢሻሮ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። ለልጄ አስተማሪ ብላ ሰኞ ሰኞ አንድ ጮጮ ትልክላቸው ነበር። ጮጮው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። መምህሩ ደገኛ ናቸውና ያንን ሽታ ብልሽት አድርገው ቆጠሩት። አመስግነው ይቀበላሉ፣ ዘወር ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሰኞ ዋለ፤ በዚያው በጠርሙስ ነበር። ዐስሊ ከወደቀች ትምህርቷ አብቅቶ ከእናቷ ጎን ወተት ልትሸጥ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አምስተኛው ጠርሙስ ሲቀርብላት ቀመሰችና ፈገግ አለች።

«ስዊት» አለች።

«ጣፋጭ? ይሄ ሮተን ነው። አርሚ።»

ጨርቁን አወለቀች። «መምህር፣ የእናቴ ወተት እኮ ነው። ወላሂ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የታለበው።»

«ቃሉን በይ።»

የሚፈልጉትን ቃል አሳምራ ታውቃለች። «ስዊት» አለች ደግማ። ዜሮ ጻፉላት።

ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ጨርቁ እንደረጠበ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ። ወተቱን ቀመስኩ። ጎረቤታሞች ነን፤ ቢሻሮ ቤት ስንት ቀን ጠጥቼዋለሁ፣ እንደዚያው ይጣፍጣል።

«ሮተን» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉኝ። ከአስር አስር አገኘሁ።

በመስከረም ዐስሊ ቀፊራ ተቀመጠች። እኔ ተምሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ጠርታ አንድ ኩባያ ትቀዳልኛለች። ወተቱ ይጣፍጣል። የሚያቅለሸልሸኝ እኔው ራሴ ነኝ።